ኮሜዲያን ስለ ካሳ ምን አገባው? የሌኒ ሄንሪ 50 ዓመታት

በ2025 መገባደጃ በብሪታንያ አንድ መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። ጉዳዩ የባሪያ ንግድ ነው። ብሪታንያ በባርነት ለተሸጡት አፍሪካውያን ዘሮች ካሳ መክፈል አለባት ይላል። አከፋፈሉ ምን ሊመስል እንደሚችልም ያስረዳል። ጸሐፊዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ለረጅም ዓመታት በቴሌቪዥን ሥራ የቆየው ማርከስ ራይደር ነው። ሌላው ሌኒ ሄንሪ ነው።

የሄንሪ ስም ሲነሳ «ኮሜዲያን ስለዚህ ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ መከተሉ አይገርምም። ሰው እሱን የሚያውቀው በየዘመኑ በተለያየ መልክ ነው። አንዱ ቀይ የፕላስቲክ አፍንጫ አድርጎ ለአፍሪካ ገንዘብ ሲያሰባስብ ያስታውሰዋል። ሌላው በ1990ዎቹ በቴሌቪዥን ላይ እንደ ቁጡው ሼፍ ያውቀዋል። ቲያትር ወዳዱ ኦቴሎን ሲጫወት አይቶታል። ወጣቱ ደግሞ በ2022 በአማዞን ተከታታይ ድራማ በ«ዘ ሪንግስ ኦፍ ፓወር» ላይ ነው ያገኘው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ሠራው ሲባል «ታዲያ ሙያው ምንድን ነው?» ማለት የተለመደ ነው።

እኔ ግን ይህ ሰው ሥራ ሲቀያይር የኖረው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው ባይ ነኝ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ማን ነው? ከካሜራው ጀርባ ሆኖ የሚወስነውስ? ጥያቄውን በብሪታንያ ደጋግሞ አንስቶታል። አፍሪካን በተመለከተ ግን ዘግይቶ ነው የደረሰበት። ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ያ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። የታሪኩ አንድ ጫፍ የታሰረው በእኛው የ77ቱ ረሃብ ላይ ነው። (ከዚህ ከ«77» በቀር በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የተከፈተው በር

ሌኒ ሄንሪ በ1958 ደድሊ ውስጥ ተወለደ። ደድሊ በመካከለኛው እንግሊዝ በርሚንግሃም አጠገብ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሪታንያ ሠራተኛ ስላጠራት ከካሪቢያን ደሴቶች ብዙ ሰው ገባ። ይህ ትውልድ በ1948 ሰዎቹን ባመጣችው መርከብ ስም «ዊንድራሽ» ይባላል። እናቱ ልጆቿን ከአካባቢው ሰው ጋር ተዋሕዳችሁ ኑሩ እያለች ነው ያሳደገቻቸው። ሌኒ መዋሐጃ ያደረገው ሳቅን ነው። በቴሌቪዥን የሚያያቸውን ሰዎች ድምፅና አካሄድ እየቀዳ ጓደኞቹን ያስቅ ነበር።

በ1975፣ በ16 ዓመቱ፣ «ኒው ፌስስ» በተባለ የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ላይ ቀርቦ አሸነፈ። በአንድ ምሽት ታወቀ። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ለአንድ ጥቁር ታዳጊ ኮሜዲያን በጊዜው ምን ዓይነት ሥራ ነበር? ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ከሚንስትረል ትርኢት ጋር አገር ላገር መዞር ነው።

ሚንስትረል ማለት ነጭ ተጫዋቾች ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው፣ ጥቁር መስለው የሚዘፍኑበትና የሚቀልዱበት ትርኢት ነው። መነሻው የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ነው። ቢቢሲ ግን እንዲህ ያለውን ዝግጅት ከ1958 እስከ 1978 በቴሌቪዥን አሳይቷል። ሄንሪ በመድረክ ስሪቱ ላይ ለዓመታት ሠራ። በዙሪያው ጥላሸት የተቀቡ ነጮች ነበሩ። እሱ በመካከላቸው እውነተኛ ጥቁር ወጣት ነበር። በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ይህ ጊዜ ኅሊናውን ጎድቶታል፤ የሚጸጸትበትም ነው።

እዚህ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ግን ልጁ ገና አሥራዎቹን ያልጨረሰ ነበር። ውል የሚዋዋሉለት ሰዎች ሁሉ በዕድሜም በሥልጣንም ይበልጡት ነበር። ኋላ «ማን ነው የሚወስነው?» ብሎ የጠየቀውን ሰው ለመረዳት፣ ያኔ ምንም መወሰን ያልቻለውን ልጅ ማሰብ ይገባል።

በ1976 «ዘ ፎስተርስ» መጣ። ሲትኮም ነው፤ ማለትም አንድ ቤተሰብን ወይም አንድ መሥሪያ ቤትን ይዞ በየሳምንቱ የሚቀጥል አጭር ኮሜዲ። ተዋንያኑ ጥቁሮች የሆኑበት በብሪታንያ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሄንሪ እዚያ ከታላቁ ተዋናይ ኖርማን ቢተን ጋር ሠራ። በዚያ ዘመን ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን ይዞ ነበር፤ በአንድ በኩል የጥቁር ቤተሰብ ልጅ ሆኖ ይተውናል፣ በሌላ በኩል ጥቁር ሰው መሳለቂያ በሚሆንበት መድረክ ላይ ይወጣል።

ስድስት ክፍል እንጀራ አይሆንም

የብሪታንያ ኮሜዲያን ብዙ ሙያ የሚይዙት ለምንድን ነው? ሄንሪ ብቻውን አይደለም። ማይክል ፔሊን ከኮሜዲ ወደ ጉዞ ፊልም ገባ። በ1991 ከሰሜን ዋልታ ወደ ደቡብ ዋልታ ሲጓዝ በኢትዮጵያም አልፏል። ቶኒ ሮቢንሰን የአርኪዮሎጂ ፕሮግራም መሪ ሆነ። ስቲቨን ፍራይ ልብ ወለድ ይጽፋል፣ የጥያቄና መልስ ፕሮግራም መርቷል፣ ዘጋቢ ፊልምም ሠርቷል።

አንዱ ምክንያት የአሠራር ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ትልልቆቹ ጣቢያዎች አንድን ሲትኮም በዓመት ከ20 ክፍል በላይ ያሠሩ ነበር። ድርሰቱንም ብዙ ጸሐፊዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይጽፉታል። በብሪታንያ የተለመደው ግን አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚጽፈው ስድስት ወይም ሰባት ክፍል ነው። የሄንሪ ትልቁ የሲትኮም ሥራ «ሼፍ» ከ1993 እስከ 1996 በሦስት ዙር ቀርቦ በጠቅላላው 20 ክፍል ብቻ ነው ያለው። በአሜሪካ ይህ የአንድ ዓመት ሥራ አይሞላም። ስለዚህ ተዋናዩ በቀሪው ጊዜ ሌላ ነገር መሥራት አለበት። በየከተማው እየዞረ መድረክ ላይ ይቀልዳል፣ ፕሮግራም ይመራል፣ ማስታወቂያ ይሠራል፣ ይጽፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ቢቢሲ ራሱ ነው። ቢቢሲ በዋናነት የሚተዳደረው ቴሌቪዥን የሚያይ ቤተሰብ ሁሉ በሚከፍለው የፈቃድ ክፍያ ነው። ስለዚህ ከማሳቅ አልፎ የማስተማር ግዴታ አለበት። ሕዝብ የሚወደውን ፊት ወስዶ ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ማድረግ ለእሱ የቆየ ዘዴ ነው።

«ሼፍ» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይገባዋልና። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋሬዝ ብላክስቶክ ሁለት የሚሽሊን ኮከብ ያለው ሼፍ ነው። የሚሽሊን ኮከብ በምግብ ቤቶች ዓለም ትልቁ ክብር ነው፤ ከፍተኛው ሦስት ነው። ብላክስቶክ ጎበዝ ነው፤ ትዕቢተኛ ነው፤ በረዳቶቹ ላይ ይጮሃል። ጥቁር መሆኑ ግን የታሪኩ ጉዳይ አይደለም። በዚያ ዘመን ይህ አዲስ ነገር ነበር። ሐሳቡን ያፈለቀው ሄንሪ ራሱ ነው። የተሠራውም እሱ ባቋቋመው ክሩሻል ፊልምስ በተባለ ድርጅት ነው። ድሮ ሌሎች የጻፉለትን ውል ይፈርም የነበረው ልጅ አሁን ምን እንደሚሠራ ራሱ ይወስን ጀመር።

የ77ቱ ረሃብና ቀዩ አፍንጫ

በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። የሙዚቃ ሰዎች ዘፈን አወጡ፤ በሐምሌ 1985 ታላቁ የ«ላይቭ ኤይድ» ኮንሰርት ተካሄደ። የኮሜዲ ጸሐፊው ሪቻርድ ከርቲስም በ1985 ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ሁኔታውን አየ። ተመልሶ ከሄንሪና ከሌሎች ጋር «ኮሚክ ሪሊፍ»ን አቋቋመ። ድርጅቱ የተዋወቀው በ1985 የገና ዕለት፣ ሱዳን ከሚገኝ የስደተኞች ካምፕ በቀጥታ በተላለፈ ዝግጅት ነው።

ስሙ ሁለት ፍቺ አለው። በድራማ ጥበብ «ኮሚክ ሪሊፍ» ማለት በከባድ ታሪክ መሃል የምትገባ፣ ተመልካቹን ትንፋሽ የምታሰጥ የሳቅ ትዕይንት ናት። «ሪሊፍ» ደግሞ ለተቸገረ ሰው የሚሰጥ እርዳታም ነው።

አሠራሩ ብልህ ነው። ሱቆች ቀይ አፍንጫ ይሸጣሉ። በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ሰዎች የሚያስቅ ነገር እየሠሩ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ቢቢሲ ሙሉ ምሽቱን ይለቃል። ታዋቂዎች በነፃ ይሠራሉ። በሳቁ መሃል ከአፍሪካና ከብሪታንያ የተቀረፁ አጫጭር ፊልሞች ይገባሉ፤ ከዚያ የስልክ ቁጥር ይወጣል። የመጀመሪያው የ«ሬድ ኖዝ ዴይ» (የቀይ አፍንጫ ቀን) ምሽት በየካቲት 1988 ተካሂዶ 15 ሚሊዮን ፓውንድ አስገኘ። ሄንሪ ለዚያ ዝግጅት ወደ ኢትዮጵያ ተጉዟል። ከመሪዎቹም አንዱ ነበር። ድርጅቱ በ30 ዓመት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሰብስቧል።

ይህን ገንዘብ ማቃለል ስህተት ነው። ክትባት ሆኗል፣ ትምህርት ቤት ሆኗል፣ በብሪታንያ ውስጥም ለተቸገሩ ሰዎች መጠለያ ሆኗል። የሰጠው ሕዝብም በቅን ልብ ነው የሰጠው።

ግን ሌላም ነገር ሆኗል። የጥቂት ደቂቃ ፊልም የልጅ ፊት ማሳየት ይችላል። ያ ልጅ ለምን እንደተራበ ማስረዳት ግን አይችልም። የ77ቱ ረሃብ ዝናብ ስለጠፋ ብቻ የመጣ አልነበረም። በትግራይና በወሎ ጦርነት ነበር። ደርግ ከገበሬው እህል በኮታ ይሰበስብ ነበር። መንገድና ገበያ ተዘግቶ ነበር። የሟቾቹ ቁጥር ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል፤ ይህን ያህል ሰው ያለቀውም ድርቁና ጦርነቱ ስለተደራረቡ ነው። በስልክ ቁጥሩ አጠገብ ለዚህ ማብራሪያ ቦታ የለም። ለመስጠት የሚያነሳሳው ፊቱ ነው፤ ማብራሪያው ሰውን ያመነታዋል። እንዲህ ዓይነት ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ዘዴው ራሱ ወደዚያ ይገፋል።

ያ ምስል አልጠፋም። በአውሮፓና በአሜሪካ ያደጉ ኢትዮጵያውያን የአገራቸውን ስም ሲናገሩ መጀመሪያ የሚሰሙት ስለ ረሃብ እንደነበር ደጋግመው ያወራሉ። ይህን ያደረገው ኮሚክ ሪሊፍ ብቻውን አይደለም። ድርሻ ግን አለው።

እርግጥ ሄንሪ በዚያ ምሽት ላይ የነበረው ቦታ ከሌሎቹ ይለያል። የጃማይካ ስደተኞች ልጅ ነው፤ ቅድመ አያቶቹ ከአፍሪካ በግድ የተወሰዱ ናቸው። አፍሪካን በተመለከተ በብሪታንያ ሳሎን ውስጥ የሚያወራው ሰው ጥቁር መሆኑ በ1988 ትልቅ ነገር ነበር። ቢሆንም ተናጋሪው ያው ከብሪታንያ የሄደ ሰው ነበር።

በ51 ዓመቱ «አዲስ መጪ»

ሄንሪ ወጣት ሳለ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በኋላ ግን በርቀት ትምህርት ከኦፕን ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዲግሪውን ያዘ። በ2006 ለቢቢሲ ራዲዮ ስለ ሼክስፒር ፕሮግራም ሲሠራ ባሪ ራተር የተባለውን የሰሜን እንግሊዝ የቲያትር ሰው አገኘ። ከዚያ ግንኙነት የ2009ኙ «ኦቴሎ» ተወለደ። በሊድስ ተጀምሮ ወደ ለንደን መጣ።

ብዙ ሰው ውጤቱን ፈርቶ ነበር። ከባድ የሼክስፒር ሚና ለቴሌቪዥን ኮሜዲያን? እሱ ግን በዚያው ዓመት ከ«ኢቭኒንግ ስታንዳርድ» የቲያትር ሽልማት የዓመቱ ምርጥ አዲስ መጪ ተባለ። 51 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በናሽናል ቲያትር ሠራ። በ2018 ከሮያል ሆሎዌይ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ፤ ጥናቱ ጥቁሮች በመገናኛ ብዙኃን እንዴት እንደሚታዩ ነው። በ2015 ደግሞ የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጥቶታል።

የታጠረው በጀት

የሙያው ከባዱ ክርክር የተነሳው በመጋቢት 2014 ነው። ሄንሪ በብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ በባፍታ ንግግር አደረገ። ያነሳው ቁጥር ይህ ነው። በፈጠራ ሥራዎች ዘርፍ ውስጥ የጥቁሮች፣ የእስያውያንና የሌሎች አናሳ ብሔሮች ድርሻ በ2006 ከነበረበት 7.4 በመቶ በ2012 ወደ 5.4 በመቶ ወርዷል። በየጊዜው ሥልጠና እየተሰጠ፣ ቃል እየተገባ፣ ቁጥሩ ግን ወደ ታች ሄደ።

ያቀረበው መፍትሔ ገንዘብን የሚነካ ነው። በእንግሊዝኛው «ሪንግ ፌንስ» ይሉታል። ለአንድ ጉዳይ ተለይቶ የታጠረና ለሌላ ነገር የማይነካ በጀት ማለት ነው። ሐሳቡን ያመጣው ከቢቢሲ ከራሱ ልምድ ነው። ቀደም ሲል ሥራው ሁሉ ለንደን ላይ ይከማች ነበር። ስኮትላንድና ዌልስ አቤት አሉ። ቢቢሲ ለክልሎች በጀት ለየ። «ከለንደን ውጭ የተሠራ» ለመባልም መስፈርት ወጣ። ድርጅቱ ከለንደን ውጭ እውነተኛ ቢሮ ይኑረው፣ ከበጀቱ 70 በመቶው እዚያ ይውጣ፣ ከባለሙያ ወጪው ግማሹ ለአካባቢው ሰው ይሁን። ከሦስቱ ሁለቱን ማሟላት ግድ ነው። ሥራው በእርግጥም ወደ ክልሎች ወጣ። ሄንሪ «ለቦታ የሠራ ዘዴ ለቀለምስ ለምን አይሠራም?» አለ።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት አለ። አንደኛ፣ በቆዳ ቀለም የተለየ በጀት ተቀጣሪውን «በችሎታህ አልገባህም» ለሚል ሐሜት ያጋልጠዋል። ሁለተኛ፣ ግብ ማስቀመጥና ወጣቶችን ማሠልጠን ይበቃል። የመጀመሪያው ስጋት ክብደት አለው ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛውን ግን ቁጥሩ ራሱ አይደግፈውም። ሥልጠና ያለ ሥራ ሰውን በሠልጣኝነት ብቻ ያስቀረዋል። ፊልም የሚሠራው በጀት በፈረመው ሰው ነው።

ቢቢሲ በ2014 መልስ ብሎ 2.1 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። ለእሱ መጠን ተቋም ትንሽ ነው። በ2020፣ ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ፣ ለሦስት ዓመት 100 ሚሊዮን ፓውንድ ከነባሩ የቴሌቪዥን በጀት ለይቶ እንደሚያስቀምጥ አስታወቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲገፋ የነበረ ሐሳብ ባይኖር ያ መልስ በዚያ ፍጥነት ይመጣ ነበር ብዬ አላስብም። በዚያው ዓመት በበርሚንግሃም ሲቲ ዩኒቨርሲቲ በሄንሪ ስም የመገናኛ ብዙኃን ብዝኃነት ማዕከል ተከፈተ። ካቋቋሙት አንዱ ማርከስ ራይደር ነው።

ካሜራው አፍሪካ ውስጥ በማን እጅ ነው?

ኮሚክ ሪሊፍም ጥያቄ ተነስቶበታል። በ2013 ቢቢሲ ራሱ በ«ፓኖራማ» ፕሮግራሙ፣ የድርጅቱ ገንዘብ በትምባሆ፣ በአልኮልና በጦር መሣሪያ አምራቾች አክሲዮን ውስጥ ገብቶ እንደነበር አጋለጠ። ድርጅቱ የኢንቨስትመንት ደንቡን ለወጠ። በ2017 ደግሞ ዘፋኙ ኤድ ሺራን በላይቤሪያ የተቀረፀበት ፊልም «የድህነት ቱሪዝም» ተብሎ ተተቸ። በ2019 የቴሌቪዥን አቅራቢዋ ስቴሲ ዱሊ ከኡጋንዳ ሕፃን ጋር የተነሳችውን ፎቶ አወጣች። የፓርላማ አባሉ ዴቪድ ላሚ ዓለም «ነጭ አዳኞች» አያስፈልጓትም አለ። «ነጭ አዳኝ» የሚባለው አፍሪካዊው ራሱ ምንም እንደማይሠራ፣ ከውጭ የመጣው ሰው ብቻ እንደሚያድነው የሚያሳየው ትረካ ነው።

ዱሊን የደገፉም ነበሩ። ሥራዋን በቅንነት ነው የሠራችው፤ ታዋቂ ሰው ከሌለ ተመልካች አይኖርም፤ ተመልካች ከሌለ ገንዘብ የለም አሉ። ይህ ባዶ ክርክር አይደለም። የምሽቱ ዘዴ ከ1988 ጀምሮ የተገነባው በዚህ ስሌት ላይ ነው።

በጥቅምት 2020 ኮሚክ ሪሊፍ ታዋቂዎችን ወደ አፍሪካ ልኮ ፊልም መሥራቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ፊልሞቹን የአፍሪካ ባለሙያዎች ይሥሯቸው ተባለ። ሄንሪም ለውጡን ደግፎ ተናገረ፤ አፍሪካውያን ሌላ ሰው ታሪካቸውን እንዲነግርላቸው አይፈልጉም አለ። ከባፍታው ንግግር ስድስት ዓመት፣ ከመጀመሪያው ቀይ አፍንጫ 32 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በብሪታንያ ላለው ጥቁር ጸሐፊ የጠየቀውን መብት ለኮረምና ለካምፓላ ካሜራ ባለሙያ የጠየቀው እጅግ ቆይቶ ነው። መዘግየቱን ማንሳቴ ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። በገዛ አገሩ የተገፋ ሰው እንኳ ሌላውን የሚያየው እሱ በተቀመጠበት በኩል እንደሆነ ያሳያልና ነው።

ለውጡ አላለቀም። ቀራፂው ኢትዮጵያዊ ወይም ኬንያዊ ሊሆን ይችላል። የትኛው ፊልም እንደሚታይና ስንት ደቂቃ እንደሚሰጠው የሚወስነው ግን አሁንም ለንደን ውስጥ ነው። ሄንሪ በባፍታ ያነሳው የበጀት ፊርማ ጥያቄ እዚህም አለ።

ወደ ካሳው ስንመለስ

በመጋቢት 2024 ሄንሪ የ«ሬድ ኖዝ ዴይ»ን ምሽት ለመጨረሻ ጊዜ መራ። ከዚያ በፊት የእናቱን ትውልድ ታሪክ ይዞ ወጥቶ ነበር። በ2023 በአይቲቪ የታየው ተከታታይ ድራማው በ1957 ከጃማይካ ወደ ብሪታንያ የሚመጡ ሦስት ሴቶችን ይተርካል። ለሕፃናትም መጻሕፍት ጽፏል። የካሳው መጽሐፍ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

በክርክሩ ውስጥ አንድ ሐቅ ቢታወቅ ይጠቅማል። ብሪታንያ ባርነትን በ1833 በሕግ ስታስቀር ካሳ ከፍላለች። የከፈለችው ግን ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነው፤ 20 ሚሊዮን ፓውንድ። ነፃ ለወጡት ምንም አልተሰጠም። ለዚያ ክፍያ የተገባው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። በሌላ አባባል የዊንድራሽ ትውልድና ልጆቹም በከፈሉት ግብር በዚያ ዕዳ ክፍያ ተሳትፈዋል።

ካሳን የሚቃወሙት የዛሬው ግብር ከፋይ ከ200 ዓመት በፊት በተሠራው መጠየቅ የለበትም ይላሉ። ማን ለማን ስንት ይክፈል የሚለውም አይቆረጥም ይላሉ። የብሪታንያ መንግሥታት እየተፈራረቁ ቢመጡም ካሳ አንከፍልም የሚለው አቋም ጸንቷል። የካሪቢያን አገሮች ግን በ2024 በሳሞአ በተካሄደው የኮመንዌልዝ (የብሪታንያና በአብዛኛው የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ማኅበር) ጉባኤ ጉዳዩን አንስተውት፣ ውይይት ይደረግ የሚል ቃል በመግለጫው ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ በቅርቡ ክፍያ ባይጠበቅም ንግግሩ ይቀጥላል። በብሪታንያ ቴሌቪዥን ስለዚህ ጉዳይ የሚናገር ሰው ሲፈለግ፣ ለ50 ዓመት ሕዝቡ ሳሎን ውስጥ የኖረው ሌኒ ሄንሪ መጠራቱ አይቀርም።